ማን ያይሻል ያለኝ ሰው

ይቅር በይው ተብያለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ብለውኛል፣ እናቴ በስልክ ብላኛለች፣ ጓደኛዬ እንኳ ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ብላኛለች። ለሁሉም እሺ ብያለሁ፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ግን ያን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቀጥሎ ያቺን ቅዳሜ አስብና ደሜ ይበርዳል። በዚህ ደስታዬ ለማፈር ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ጁባ የሄድኩት ደቡብ ሱዳን አገር በሆነች ሰሞን፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የግዢ ክፍል ተቀጥሬ ነው። የምኖረው ኮር ዊሊያም በሚባል ሰፈር፣ ሐበሾች ተሰባስበን በተከራየነው ግቢ ውስጥ ነበር። ክፍሎቻችን ተገጣጣሚ ናቸው፤ መሃል ላይ ሁላችንም የምንጠቀምበት ሰፊ ሳሎን አለ። የመሥሪያ ቤቴ የደኅንነት ሰዎች በእግር መሄድ ከልክለውናል። ጠዋት መኪናው ከበር ያነሳኛል፣ ማታ በር ላይ ያወርደኛል፤ በመካከሉ ያለው ወንበር ነው። ብዙም ሳልቆይ ጥቂት ደረጃ ስወጣ ማለክለክ ጀመርኩ፣ ቀሚሶቼም ጎኔ ላይ ጠበቡኝ።

እሑድ ግን ሰው ነበርኩ። ካቶር በሚባል ሰፈር ከአንድ ትምህርት ቤት በተከራየነው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን፤ ኳየሩን የምመራው እኔ ነኝ። ማይኩን ይዤ ዓይኔን ስጨፍን አቧራውም፣ ሙቀቱም፣ የቢሮው ኢሜይልም ይጠፋሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የኔ የምለው ነገር ድምፄ ነው። ይህን የምናገረው ምን እንደተወሰደብኝ እንዲታወቅ ነው።

የወሰደብኝ በዚያው ግቢ የሚኖር የአንድ ኮንስትራክሽን ድርጅት መሐንዲስ ነው። በኳየሩም ከኔ ቀጥሎ የሚቆመው እሱ ነበር። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ጥሩ መሆኑን ከሁላችንም አስቀድሞ ያወቀው ግን እሱ ራሱ ነው። ሲጸልይ ከፊት መቆም ይወዳል፤ ቀኝ እጁን ከሰው ሁሉ እጅ በላይ ያነሳል፤ ሌላው አሜን ብሎ ሲቀመጥ እሱ ገና ነው። «እህቴ» ሲለኝ ከአፉ ማር ይንጠባጠባል። እኔ ደግሞ ማር እወዳለሁ።

አንድ ጊዜ ለእረፍት ዱባይ ሄዶ ሲመለስ ጌም ይዞ መጣ። በእጅ የሚያዝ፣ የሚጫኑት ነገር የለውም። ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረዘም ያለ ጥቁር ካሜራ አለው፤ ፊቱ ስትቆሙ ያያችኋል። እጃችሁን ስታነሱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውም ሰው ያነሳል፣ ስትዘሉ ይዘላል። የምትፈልጉትን ለመምረጥ እጃችሁን ወደ ስክሪኑ ዘርግታችሁ ምስሉ ላይ ማቆየት ነው፤ ትንሽ ነጭ እጅ ትመጣለች፣ ዙሪያዋን ቀለበት መሙላት ይጀምራል፣ ቀለበቱ ሲሞላ የመረጣችሁት ይከፈታል። ሰው ሲያጣ ደግሞ ካሜራው በገዛ ራሱ አንገቱን ቀና ደፋ እያደረገ ይፈልጋል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ያየችው ቀን ከወንበሯ ተነስታ በሩ ጋ ቆመች።

ይቺ ጓደኛዬ ደቡብ ሱዳናዊት ናት። ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ አገሯ ነፃ ሲወጣ የተመለሰች፣ ከኔ ጋር አንድ ቢሮ የምትሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ትመጣለች። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ እንገፋለን፣ ፀሐይ ካሜራውን ስለሚያደናግረው መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን፣ ከዚያ ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቦውሊንግ፣ ቦክስ፣ ሩጫ ነው። ሰውነቴ ተመለሰልኝ። ላብ በላብ ሆኜ ስቀመጥ እንደ ልጅ እስቅ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ቀሚሴ። ካሜራው እግር ማየት አለበት። እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ቀሚስ ለብሼ ስቆም እግሮቼን መለየት ያቅተዋል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው እኔ እግሯ ተጣብቆ ትንፈራገጣለች። በኅብረታችን ሴት ሱሪ ለብሳ ማገልገል ነውር ነው፤ እኔም ሰው ባለበት ለብሼ አላውቅም ነበር።

«እህቴ፣ ማሽኑ እኮ አላወቀሽም» አለኝ መሐንዲሱ አንድ ቅዳሜ። «ሂጂ ሱሪ ልበሺና ነይ። እዚህ ማን ያይሻል?»

ገብቼ የስፖርት ሱሪዬን ለብሼ መጣሁ። ያን ቀን የከፈተው የዳንስ ጌሙን ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ልጅ የምታደርገውን እየተከተሉ መደነስ ነው፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ ጭብጨባ። ከጎኔ እሱ ራሱ ቆመ። የኔን ሻሽ ከወንበር ላይ አንስቶ ወገቡ ላይ አሰረና ልጅቷን እየቀደመ ይወዘውዘው ጀመር፤ ጓደኛዬ በሳቅ ሞተች። መሃል ላይ ከኪሱ ስልኩን አወጣ። መልእክት የሚያይ መስሎኝ ዞር ብዬም አላየሁት። ጌሙ ሲያልቅ ካሜራው በመካከል ያነሳንን ፎቶ ራሱ ደርድሮ አሳየን፤ ስቀን አለፍን። ታይቶ የሚጠፋ መስሎን ነበር፣ እኔም እሱም።

ቪዲዮው መጀመሪያ የዞረው በኳየሩ ሴቶች ስልክ ነው። ለኔ ማንም አልላከልኝም። እኔ ያወቅሁት ሰላምታቸው ሲያጥር ነው። ድሮ አንገቴን አቅፈው የሚስሙኝ «ጌታ ይባርክሽ» ብለው እያለፉኝ ይሄዱ ጀመር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ።

በአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል፣ በተማሪዎች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። መካከላቸው ዋናው ሽማግሌ ጋሼ አሉ። ጋሼ ከነጭ ዓባይ ማዶ፣ ሸሪካት በሚባል ሰፈር የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ እሑድ እሑድ በፒክአፕ ድልድዩን ተሻግረው የሚመጡ፣ ትንሽ የሚናገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ስልኩን አሳዩኝ። እኔ ነኝ፤ ሱሪዬ፣ ወገቤ፣ ላቤ። አጠገቤ ማንም የለም። ስልኩን የያዘ ሰው ራሱን አያነሳማ።

«ይህን ያነሳው አብሮኝ ሲደንስ ነበር» አልኩ።

መሐንዲሱ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «ወንድሞች፣ እኔ በሳሎኑ በኩል ሳልፍ በአጋጣሚ ነው ያየሁት» አለ። «ልቤ አዘነ። ለምክር እንዲሆናት ብዬ ነው የቀረጽኩት። እንዴት ወጥቶ እንደተሰራጨ አላውቅም።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ ጌታ ይርዳሽ።»

ያን «ጌታ ይርዳሽ» እስካሁን እሰማዋለሁ። ብጮህ፣ ባለቅስ፣ ጓደኛዬን ለምስክርነት ልጥራ ብል ሁሉም ያው ነበር። እሷ የኛ ምዕመን አይደለችም፤ በዚያ ላይ ሱሪ ለባሽ ናት። ጋሼ «ልጄ፣ በፍቅር ነው የምንነግርሽ» አሉ። «ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፊ።»

በሚቀጥለው እሑድ ማይኬን የያዘው እሱ ነበር። የኔን መዝሙሮች፣ በኔ ቅደም ተከተል፣ እኔ ትንፋሽ በምወስድበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰደ ዘመረ። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። አፌን ከፍቼ ከሕዝቡ ጋር ልዘምር ስል ድምፄ እምቢ አለኝ። ወንበር መደርደር ግን አልታገድኩም፤ እሱን በደስታ ፈቀዱልኝ። ፕሮግራም ሲያልቅ ወንበሮቹን እየሰበሰብኩ ሳለ አጠገቤ ያልፍና «በርቺ እህቴ» ይለኛል።

ሌሊቱን ጥርሴን ነክሼ አድር ነበር። ሥራ ቦታ የዋጋ ማወዳደሪያ እየሠራሁ የሱን ፊት አያለሁ። ይቅር በሉ የሚሉ ስብከቶች ስሰማ ይህ የሚመለከተው ሌላ ሰው ነው እል ነበር።

ጌሙ ያለበት ሳሎን ለረጅም ጊዜ አልገባሁም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ እሱ ወደ ሥራ ቦታው ወጥቶ ሳለ፣ ጓደኛዬ ጎትታ አስገባችኝ። እሷ ትጫወታለች፣ እኔ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። የዳንስ ጌሙን ከፍታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እጇን እያንከራተተች ሳለ በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ ያለችውን ትንሽ ምስል ሳታስበው መረጠች። ዘፈን ጀመረ፣ ፎቶዎች መምጣት ጀመሩ። ሁሉም አሉ። አንድም አልጠፋም።

ሻሼን ወገቡ ላይ አስሮ አለ። አፉን ከፍቶ፣ እጁን አየር ላይ ጥሎ፣ ወገቡን ወደኔ ሰብሮ አለ። አንዷ ላይ ደግሞ እኔ ወደ ፊት እያየሁ እደንሳለሁ፤ እሱ ሻሹን እንዳሰረ፣ ስልኩን ወደኔ ቀስሮ ይስቃል። የሚቀርጸውን ሰው ካሜራው ቀርጾታል።

«ካላስ» አለች ጓደኛዬ። «አለቀ በቃ። ዛሬውኑ ጋሼ ጋ እንውሰደው።»

«አይሆንም» አልኳት።

ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንደኛ፣ እኔ ይዤው ብሄድ ዳንሰኛዋ ሌላ ዳንስ ይዛ መጣች ነው የሚባለው። መሐንዲሱ ሽማግሌዎቹ ሳይጠሩት ያጠፋዋል ብዬም ፈራሁ። ይህን ነገርኳት። ያልነገርኳት ግን ዋናው ነው። እኔ እንዲነገራቸው አልፈለግሁም፤ እንዲያዩ ፈለግሁ። ሁሉም ባለበት፣ እሱም ቆሞ። ደግሞም በገዛ እጁ እንዲያደርገው ፈለግሁ።

በገዛ እጁ የሚለው ዝም ብሎ የመጣልኝ አይደለም። ከወራት በፊት ሳሎን ውስጥ ምሳ ስንበላ መሐንዲሱ ቆሞ ማዕዱን ሲባርክ፣ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ሰቅሎ ሲጸልይ፣ ከኋላችን ቴሌቪዥኑ በራሱ የቦውሊንግ ጨዋታ ጀምሮ ነበር። ካሜራው የጸሎቱን እጅ እንደ ትእዛዝ ወስዶታል። ያኔ ስቀን አልፈነዋል፤ አሁን ትዝ አለኝ። ብድግ አልኩና ካሜራው ፊት ቆምኩ። እንደ አምልኮ ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ መዳፌን ከፈትኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጯ እጅ ወጥታ ወጥታ ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ፣ ልክ ፎቶዎቹ ላይ፣ አረፈች። ቀለበቱ ሞላ። ጓደኛዬ አየችኝና «አንቺ ሴትዮ አስፈራሽኝ» አለች።

የቤት ለቤት ጸሎት ነበረን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ በአባላቱ ቤት ይደረጋል። ተራው ወደ ግቢያችን እስኪደርስ ጠበቅሁ። መሐንዲሱ ደግሞ ራሱ መንገዱን ጠረገልኝ። ባለፈው እሑድ ኳየሩን ሲመራ የተቀረጸበትን ዲቪዲ በዚያው በጌሙ ማሽን ከፍቶ ለሁሉም ሊያሳይ ፈልጓል፤ «ለበረከት ይሆናል» አለ። ወንበር የምደረድረው እኔ፣ ቴሌቪዥኑን የማበራው እኔ። የዳንሱን ዲስክ ማሽኑ ውስጥ ተውኩት፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈትኩት፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብሱን ሰቀልኩ። ከካሜራው ፊት ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩ። ባዶ ቦታ ከፊት ካለ ማን እንደሚቆምበት አውቃለሁ።

ሰው ሞላ፤ ጓደኛዬም እንደ ቅዳሜ ልማዷ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሼ መጡ፤ ሁላችንም ብድግ አልን። «ይሄ መስኮት ቢከፈት ምን አለ፣ ሙቀት ነው» አሉ። «ፀሐዩ ቴሌቪዥኑ ላይ እያረፈ ነው ጋሼ» አልኳቸው። መሐንዲሱ ዲቪዲውን በግራ እጁ ይዞ ዲስኩን ሊቀይር ወደ ፊት አለፈ። ጎንበስ ሊል ሲል ነው የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በጸሎት ብንጀምር።»

«መልካም» አሉ ጋሼ። «እንጸልይ።»

ጸሎት ከተባለ በኋላ ዲስክ የሚቀይር ዘማሪ የለም። መሐንዲሱ ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀኝ እጁን አነሳ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም።

ካሜራው አንገቱን ቀስ ብሎ ቀና አደረገና አገኘው። ነጯ እጅ ታየች። ከእጁ ጋር ወጣች፣ ጥጉ ላይ ደረሰች፣ ቀለበቱ መሙላት ጀመረ። «ሃሌሉያ!» አለና እጁን አራገበው፤ ቀለበቱ ጠፋ። እንደገና ጀመረ። «አዎ ጌታ!» አለና አራገበው፤ እንደገና ጠፋ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ አልኩ፣ እጁን አጽናው።

የጋሼ ድምፅ ዝቅ አለ። «አባት ሆይ፣ አሁን በፊትህ ጸጥ ብለን እንቆማለን» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። መሐንዲሱም ጸጥ አለ። እጁ አየር ላይ እንደተሰቀለች ቀረች፣ ቀለበቱም ሞላ።

ዘፈኑ ሲፈነዳ ሁሉም ዓይኑን ገለጠ። ቴሌቪዥኑን ሙሉ ይዞ መሐንዲሱ አለ፣ ሻሼን ወገቡ ላይ አስሮ። ከፊቱ ደግሞ መሐንዲሱ ራሱ፣ ዲቪዲ ይዞ። «ይሄ ምንድን ነው! አጥፉት!» አለና እጁን ወዲያ ወዲህ አወናጨፈ። ማሽኑ ግን እጅ ሲወናጨፍ የሚያውቀው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ገጽ ግለጥ የሚል። ባወናጨፈ ቁጥር ሌላ ፎቶ መጣ። ወገብ። ትከሻ። ጭብጨባ። አጠገቡ እኔ። ሻሹን ለይታ ያወቀች አንዲት የኳየር እህት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በመጨረሻ ስልኩን ወደኔ ቀስሮ የሚስቅባት ፎቶ መጣችና እዚያ ላይ ቆመች፤ እሱም እጁን ያወረደው ያኔ ነው። ጓደኛዬ ከበሩ አጠገብ ተነስታ ድምፁን ብቻ አጠፋችው። ፎቶዋን አላጠፋችም።

ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ቆመው አዩ። አልቸኮሉም።

«ይህ አንተ ነህ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ… ስፖርት ነው» አለ። «ሰውነት ለማፍታታት። እዚህ አገር እንቅስቃሴ ስለሌለ።»

«እሺ» አሉ ጋሼ። «የሷስ ምን ነበር?»

ማር የሚንጠባጠብበት አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው መለሱና ወደኔ ዞሩ። ሁሉም ሰው ደንግጦ ቆሞ ሳለ እኔ ተረጋግቼ መቆሜን ያዩ ይመስለኛል።

«አንቺ አልደነገጥሽም» አሉኝ።

«አልደነገጥኩም ጋሼ» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። «በድለንሻል» አሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ያን ቀን ዲቪዲው አልታየም።

እሱን በፍቅር መከሩት። ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፍ ተባለ። ዕገዳው ሲነሳለትም ማይክ አልሰጡትም። ግቢውን ለቆ ወጣ፣ ጌሙንም ይዞት ሄደ፤ ያን ጌም ብቻ ነው የናፈቅኩት። ቤተ ክርስቲያን ግን መቅረት አልቻለም። ከቀረ ጥፋተኛነቱን ያመነ ይመስልበታልና እሑድ እሑድ ይመጣል። ወንበር ይደረድራል። አጠገቡ ሳልፍ «በርታ ወንድሜ» እለዋለሁ።

ይቅር እንዳላልኩት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የሚያውቅበትም ምክንያት አለው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በጸሎት እጁን አያነሳም። ሰው ሁሉ ሲያነሳ እሱ ኋላ በሩ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። እኔ ደግሞ መድረኩ ላይ ነኝ፣ ማይኩም ተመልሶ በእጄ ነው። «ሁላችንም እጃችንን እናንሳ» እላለሁ። እጆች ይነሳሉ፣ ዓይኖች ይጨፈናሉ። የኔ አይጨፈንም። አዝማቹን እደግመዋለሁ። ሰው ይደክመዋል፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጨርስ ወይ ብሎ ዞሮ ያየኛል። ራሴን እነቀንቅና እንደገና አስጀምረዋለሁ። በሩ አጠገብ ያለው ሰው እጁን እስኪያነሳ ድረስ እደግመዋለሁ።